የትንሿ ቶርኖ ችግር ሞተሯ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ግቢዬ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ያገለገለች የቻይና ሚኒ ቶርኖ አስቀምጫለሁ። ሞተሯ ላይ 500 ዋት ይላል። ፌሮ እየቆረጥኩ ነው የምለማመደው። ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ጠለቅ ካልኩ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮሃለች፣ ሥራው ላይም ሞገድ ትተዋለች። ባለፈው ሳምንት ድንገት ቆማ ቀረችና ውስጧ ያለው የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሱ ረገፈ። አንድ ወዳጄ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲንግል ፌዝ ሞተር ሊሸጥልኝ ነው። ማርሹንም በብረት ላስወጣው አስቤያለሁ። ኩሽኔታውንስ ልቀይር? ዓላማዬ ቡሽንግ፣ የውሃ ፓምፕ ሻፍትና የባጃጅ ፍሬን ከበሮ እየሠራሁ ገቢ ማግኘት ነው።»

ሞተሩን አትግዛ። ማርሹንም በብረት አታስወጣ። ኩሽኔታውን በኋላ እናየዋለን። እነዚህ ሦስቱም ቶርኖዋ ጉልበት አንሷታል ከሚል ሐሳብ የመጡ ናቸው። የነገርከኝ ምልክት ግን የጉልበት ማነስ ምልክት አይደለም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ለስላሳ ብረት ሲቆረጥ በሰከንድ 1 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ለማንሳት በግምት 2.5 ዋት ይፈልጋል። 1 ሚሜ ጠልቀህ፣ በአንድ ዙር 0.1 ሚሜ እየሄድክ፣ በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት ቆረጥክ እንበል። በደቂቃ 2500፣ በሰከንድ ደግሞ 42 ያህል ኪዩቢክ ሚሊሜትር አነሳህ ማለት ነው። በ2.5 ስታባዛው 105 ዋት አካባቢ ይመጣል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 500 ዋት ከመብራቱ የሚወስደው ሊሆን ይችላል። ግማሹ ብቻ ሥራውን የሚያዞረው ዘንግ (ስፒንድሉ) ጋ ቢደርስ እንኳ ለዚህ ሥራ ተርፎ ይበቃል። አንተ ግን በ0.5 ሚሜ ነው የተቸገርከው። ስለዚህ የጎደለው ጉልበት አይደለም፣ ጽናት ነው፤ ሲገፉት ያለመተጣጠፍ ማለቴ ነው። አንድ ቦታ ላይ የላላ፣ የረዘመ ወይም የደነዘ ነገር አለ።

እንዲህ ያለችው ቶርኖ በአብዛኛው ከአልጋዋ (ተንሸራታቹ ከሚሄድበት መሠረቷ) በላይ 180 ሚሜ ዲያሜትር ታዞራለች። የምትይዘው ሥራ ርዝመት 300 ወይም 350 ሚሜ ነው። ክብደቷ 40 ኪሎ ገደማ ነው። አቃቂ ያሉ ቶርኖ ቤቶች ውስጥ የምታያቸው ማሽኖች ከ1 ቶን በላይ ይመዝናሉ። ያ ሁሉ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ) ብረት እዚያ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። መቁረጫው ሲገፋ ማሽኑ እንዳይተጣጠፍ ነው። ባንተዋ 40 ኪሎ ላይ 2 የፈረስ ጉልበት ብትጭን ያው መንቀጥቀጥ በበለጠ ኃይል ይመጣል እንጂ አይጠፋም።

መጀመሪያ ፌሮውን ተወው። የሕንፃ ፌሮ ለቶርኖ መለማመጃ የሚሆን ብረት አይደለም። ብዙው ፌሮ ሲመረት ላዩ በውሃ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ቅርፊቱ ከውስጡ ይልቅ ጠንካራ ነው። ላዩ ላይ ያሉት ጉብታዎች ደግሞ መቁረጫውን በየዙሩ ይመቱታል። አዲስ ሰው በፌሮ ሲለማመድ ጥፋቱ የራሱ ይሁን የብረቱ መለየት አይችልም። ምናለሽ ተራ ወርደህ ከተፈቱ የፎቶ ኮፒና የፕሪንተር ማሽኖች የወጡ ዘንጎች ፈልግ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በጥሩ ሁኔታ ይቆረጣሉ። አሉሚኒየምና ነሐስም ያዝ። ከመግዛትህ በፊት ሞረድ አውጥተህ ጫፉን ሞክር። ሞረዱ ከነከሰ ግዛው። እንደ መስታወት ካንሸራተተው ተወው።

ቀጥሎ መቁረጫው። ከማሽኑ ጋር ተሸጠው የሚመጡት የተበየደ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ጫፍ) ያላቸው መቁረጫዎች ብዙ ጊዜ ሳይሳሉ ነው የሚመጡት። በትልቅ ማሽን በጉልበት ይሠሩ ይሆናል። በትንሽ ማሽን ብረቱን ይገፉታል እንጂ አይቆርጡትም። 8 ወይም 10 ሚሜ የሆነ የኤች ኤስ ኤስ (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) ቁራጭ ገዝተህ ራስህ በግራይንደር ሳለው። ከፊትና ከጎን ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ሥራውን እንዳይነካ 10 ዲግሪ ያህል ማፈግፈጊያ ስጠው። ለብረት ላዩን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ አዘንብለው፣ ለነሐስ ግን ጠፍጣፋ ተወው። ጫፉን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ አድበልብለው። ከዚያ በዘይት ድንጋይ አለስልሰው። የእጅህን ጥፍር ሲነካ መፋቅ አለበት። መጀመሪያ ሦስትና አራት ቁራጭ ታበላሻለህ፣ ችግር የለውም። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም። ካርባይድ ካልክ ለአሉሚኒየም ተብሎ የሚሸጠውን፣ ጠርዙ የተሳለውን ምረጥ። ብረትም ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል።

የመቁረጫው ጫፍ ከሥራው መሃል ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ክብ ብረት ቻክ (ሥራውን ነክሶ የሚያዞረው መያዣ) ላይ እሰር። በብረቱና በመቁረጫው ጫፍ መካከል ቀጭን የብረት ማስመሪያ አቁመህ በቀስታ አስጠጋ። ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። አናቱ ወዳንተ ካዘነበለ መቁረጫው ዝቅ ብሏል፣ ከስሩ ላሜራ ጨምርበት። ወዲያ ካዘነበለ ከፍ ብሏል። ዝቅ ያለ መቁረጫ ከሥራው ስር ይገባና ይነክሳል። ቶርኖህ ድንገት ቆማ የቀረችው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ብረቱ ከቻኩ ምን ያህል ይወጣል? ይህን አልነገርከኝም፤ ረጅም ሳይሆን አይቀርም። የሚወጣው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር የሚተጣጠፈው ስምንት እጥፍ ነው። ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ በላይ ካወጣህ ጫፉን በቴልስቶክ፣ ከቻኩ ፊት ለፊት ባለው ድጋፍ፣ ደግፈው። መቁረጫውንም ከመያዣው በተቻለ መጠን አጭር አድርገህ እሰር።

ፍጥነቱን ለማወቅ 8000ን በሚሊሜትር ለለካኸው ዲያሜትር አካፍል። ለስላሳ ብረት በኤች ኤስ ኤስ ሲቆረጥ ለጀማሪ የሚበቃ ቁጥር ነው። 20 ሚሜ ከሆነ በደቂቃ 400 ዙር፣ 40 ሚሜ ከሆነ 200። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙ ሰው ፈርቶ የመቁረጫውን ጉዞ ያዘገያል። ይህ ያብሰዋል። መቁረጫው ብረቱን እየዳበሰ ይዘላል። ፍጥነቱን ቀንስ፣ ጉዞውን ግን ትንሽ ጨምር። ፍቅፋቂው ወፈር ብሎ ሲወጣ ጩኸቱ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ማሽኗ እንምጣ። ሙሉ በሙሉ ፍታት። በነጭ ጋዝ እጠባት። እነዚህ ማሽኖች ከፋብሪካ የሚመጡበት ግራሶ ውስጥ የብረት ብናኝና የማቅለጫ አሸዋ ይገኛል። ያገለገለች ከሆነች ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ፍቅፋቂ አለባት። የሚንሸራተቱትን ክፍሎች ጎን ላይ የሚያጠብቁትን ቀጫጭን ብረቶችና ትንንሽ ብሎኖቻቸውን ተመልከት። ብረቶቹን በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተለጠፈ ደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አለስልሳቸው። ስትመልሳቸው እጀታው ትንሽ እየከበደ ግን ሳይያዝ እንዲዞር አድርገህ አጥብቅ። ትልቁን ተንሸራታች ከአልጋው ስር የሚይዙት ሁለት ሰሌዳዎችም አሉ። ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። እነሱ ከላሉ መቁረጫው ሲገፋ ተንሸራታቹ ወደ ላይ ይነሳል። ያንተ ሞገድ ግማሹ ከዚያ ቢመጣ አይገርመኝም።

አቀማመጧ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአካባቢህ አፈር ጉዳይ አለበት። አዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በላዩ የፈሰሰ ስስ ሊሾም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። በሰኔ ያስተካከልካት ቶርኖ ጥር ላይ ስትለካት ሌላ ነገር ትነግርሃለች። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወለሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይጣመማል። ጠረጴዛውም አልጋዋን ያጣምማታል። መፍትሔው ጠረጴዛውን በሦስት እግር ማቆም ነው። ባለ ሦስት እግር ነገር ወለሉ ቢያዘነብልም አይወላገድም፣ እንደ ቤታችን በርጩማ። በላዩ ቢያንስ 15 ሚሜ ውፍረት ያለው ብረት አስቀምጥ። ቶርኖዋን እሱ ላይ እሰራት። ስታስር ዳያል ጌጅ (መርፌ ያለው የጥቃቅን ልዩነት መለኪያ) አልጋዋ ላይ አድርገህ ብሎኑን ቀስ በቀስ አጥብቅ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ከእግሯ ስር ክፍተት አለ ማለት ነው። በብሎን ጉልበት ጎትተህ አታስተካክለው። ክፍተቱን በስስ ላሜራ ሙላው። ሦስት እግር ወደ ጎን የመውደቅ ጸባይ ስላለው እግሮቹን ሰፋ አድርግ፣ ታች ላይ ክብደት ጫንበት።

ከዚያ ትክክለኛነቷን ፈትን። 25 ሚሜ የሆነ ብረት፣ በስሱ ስለምትቆርጥ ለዚህ ፈተና ብቻ፣ ያለ ቴልስቶክ እሰር። 100 ሚሜ ተራርቀው ሁለት ቀለበት እንዲቀሩ መሃሉን ዝቅ አድርገው። ሁለቱን ቀለበቶች በተሳለ መቁረጫ፣ የጥልቀቱን እጀታ ሳትነካ፣ በስሱ አንድ ጊዜ ቁረጣቸው። በማይክሮሜትር ለካቸው። ልዩነቱ ከ0.02 ሚሜ በታች ከሆነ ለጀማሪ ደስ የሚል ውጤት ነው። ከበለጠ የላሜራውን ሥራ ድገመው። ካሊበሮ ለዚህ ልኬት አይታመንም።

የፕላስቲኩ ማርሽ። ሰው ሁሉ ፋብሪካው ሆን ብሎ ቆጥቦ ያስገባው ይመስለዋል። ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል። እንደ ፊውዝ ነው። መቁረጫው ሲነክስና ቻኩ ሲቆም አንድ ነገር መሰበር አለበት። እኔ ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያዋን ትንሽ ቶርኖዬን ማርሽ በነሐስ ጥርስ አስወጥቼላት ነበር። በኮራሁባት በሁለተኛው ወር መቁረጫው ነከሰ። ማርሹ አልረገፈም። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጠለ። ቦርዱን ለማግኘት የጠበቅኩት ጊዜ ዛሬም ያንገበግበኛል። ፕላስቲኩን በፕላስቲክ ተካ፣ ሁለት መለዋወጫም ጨምረህ ያዝ። የቦርዱንና የሞተሩን ዕድሜ ለመጠበቅ ደግሞ በዝግታ ስትሠራ ሁልጊዜ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባ። በከፍተኛው ማርሽ ላይ ሆነህ በቁልፉ ብቻ ፍጥነት ብታወርድ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል፣ ማቀዝቀዣውም ይደክማል፣ ቦርዱም ይግላል።

ወዳጅህ ሊሸጥልህ ያሰበው ሞተር ሌላም ችግር አለበት። ሲንግል ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ስለሆነ ፍጥነቱ አንድ ነው። አሁን ያለህን በቁልፍ የሚለዋወጥ ፍጥነት ታጣለህ። ቺንጋና ፑሊ መቀያየር ውስጥ ትገባለህ። የዚህ ዓይነት ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት ላይ ጉልበቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። በቀላል ማሽን ላይ ያ ንዝረት ሥራው ላይ ይታተማል። እሱም ራሱ በክብደቱ የማሽኗን ጀርባ ይጎትታል።

አንድ ቀን የፋብሪካው ሞተር ሙሉ በሙሉ ቢሞት መንገዱ ይህ ነው። 0.75 ኪሎዋት ስሪ ፌዝ ሞተር፣ በዴልታ ሲታሰር በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ከሲንግል ፌዝ መብራት በኢንቨርተር (መብራቱን ወደ ስሪ ፌዝ ቀይሮ የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር ዕቃ) የሚነዳ። ኢንቨርተሩን ስትገዛ ከፍታችንን አስብ። እነዚህ ዕቃዎች የሚለኩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው። እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም። በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል አቅም ቀንስ ይባላል። ከ13 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ለ0.75 ኪሎዋት ሞተር የ1.5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ያዝ። ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ለደቂቃዎች መብራት ይይዛል፣ ወዲያው አትክፈተው። የምድር ሽቦ ሳታስገባ አንዱንም አትሞክር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ፋብሪካው ያስገባው ማብሪያ ማጥፊያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ መሆኑን አረጋግጥ። ብዙ ጊዜ ሲበላሽ ሰው አውጥቶ ተራ የግድግዳ ማብሪያ ያስገባል። እኛ ጋ መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል? ማሽኗ በርታ እያለች መብራት ሄደ። አንተ ቻኩን ለመፍታት ቁልፉን ሰካህ። መብራት መጣ። ቁልፉ ፊትህ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ስትወጣ ከሶኬቱ ንቀል፣ በሩን ቆልፍ። ጓንት፣ ቀለበት፣ የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ጋቢ ለብሰህ ቶርኖ አጠገብ አትቁም። የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ከያዘ አይለቅም። ፍቅፋቂ በእጅ አይነሳም፣ በሽቦ መንጠቆ ይነሳል። መነጽር ሁልጊዜ።

ኩሽኔታውን በተመለከተ ጥያቄህ ልክ ነው፣ ጊዜው ግን አሁን አይደለም። በዚህ ዓይነት ማሽን ብዙ ጊዜ ያለው 6206 ነው። ውስጡ 30፣ ውጪው 62፣ ስፋቱ 16 ሚሜ። ተራ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ነው፣ ወደ ጎን የሚመጣ ግፊት አይወድም። የጎን ግፊት እንዲችል በተሠራው በ7206 መቀየር ትችላለህ። መጠኑ አንድ ነው፣ ያለ ምንም ለውጥ ይገባል። 30206 የሚባለው ሾጣጣ ሮለር የበለጠ ጽኑ ነው፣ ግን ስፋቱ 17.25 ሚሜ ስለሆነ መለያያ ቀለበቶቹን ማሳጠር ይጠይቃል። ለአንተ 7206ን እመርጣለሁ። ገበያ ላይ ሐሰተኛ ማርካ የተመታባቸው ስላሉ ከምታውቀው ሰው ግዛ። ስፒንድሉን በመዶሻ አትምታው። በረጅም ብሎንና በወፍራም ላሜራ ጎትተህ አውጣው። ስትገጥም ትንሽ ጨመቅ አድርገህ በ1000 ዙር ግማሽ ሰዓት አሽከርክራት። እጅህን ስታስቀምጥበት መሞቅ አለበት፣ ግን እጅህን የሚያስነሳ መሆን የለበትም። ካቃጠለ አላላው።

ከማሻሻያዎች ሁሉ እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ሌላ ነው። መቁረጫ መያዣውን የተሸከመውን ትንሹን ላይኛ ተንሸራታች አውጥተህ በቦታው አንድ ወጥ ብረት ማስቀመጥ። ያ ተንሸራታች የማሽኗ ደካማው ቦታ ነው። በዋናነት ለሾጣጣ ሥራ ነው የሚያስፈልግህ። ወጥ ብረቱን ፍሬዛ (መቁረጫው ራሱ የሚሽከረከርበት ማሽን) ያለው ቶርኖ ቤት በአንድ ቀን ያወጣልሃል። የቴልስቶኩን ዳዶ በመፍቻ ከማሰር ይልቅ በእጀታ የሚያጠብቅ ማድረግም ሥራ ያፋጥናል፣ ጽናት ግን አይጨምርም።

የብሎን ጥርስ ለማውጣት ከመነሳትህ በፊት ሊድስክሩዋን፣ ተንሸራታቹን የሚነዳውን ረጅም ብሎን፣ ለካ። አሥር ጥርስ 15 ሚሜ ከሆነ ሜትሪክ ናት። 15.9 ሚሜ ከሆነ የኢንች ማሽን ናት፣ የሜትሪክ ብሎን ስታወጣ የማርሽ ሠንጠረዡ ይለያል።

አሁን ገቢው። የፍሬን ከበሮ አትንካ። አልጋዋ 180 ሚሜ ብታሳልፍም ከተንሸራታቹ በላይ ያለው ክፍተት 110 ሚሜ ገደማ ብቻ ነው። ቻክህም ብዙ ጊዜ 80 ሚሜ ነው። ከበሮውን በሆነ ዘዴ ብታስርም እኩል አይዞርም። ከበሮው ተቆርጦ የሚደርስበት የመጨረሻ ዲያሜትር ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ ካለፈ ይጣላል እንጂ አይታደስም። ባጃጁ ደግሞ ሰው ይጭናል። የጊዛው ብናኝም አልጋዋን እንደ ሞረድ ይበላታል። ደንበኛ ሲመጣብህ ትልቅ ማሽን ወዳለው ቶርኖ ቤት ምራው።

የፓምፕ ሻፍት ይቻላል፣ ግን ቆይቶ። ስፒንድሏ ውስጥ የሚያልፈው 20 ሚሜ ነው። ብዙ የፓምፕ ሻፍት ከማይዝግ ብረት ነው የሚሠራው። መቁረጫው ከዳበሰው ይጠነክራል፣ ቆም ሳትል መቁረጥ ይፈልጋል። ኩሽኔታና ሲል የሚቀመጡበት ቦታ ደግሞ በመቶኛ ሚሊሜትር ነው የሚለካው። ሁለቱ ቀለበቶች ከ0.02 ሚሜ በታች ሲወጡልህ፣ በተከታታይ አምስት ጊዜ ሲወጡልህ፣ ያኔ ጀምር።

ቡሽንግ፣ ፒን፣ መለያያ፣ ትንሽ ፑሊ፣ የወንበርና የበር ዕቃ፣ የጄነሬተር ትንንሽ ክፍል ግን ዛሬም ሥራዋ ነው። የነሐስ ቡሽንግ በዚህች ማሽን እጅግ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ለሞተሩ ያሰብከውን ገንዘብ በማይክሮሜትር፣ በዳያል ጌጅ፣ በወፍራም ላሜራና በጥቂት የኤች ኤስ ኤስ ቁራጮች ላይ አውለው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን አሽገው። ሌሊት ከቆርቆሮ የሚንጠባጠበው ላብ አልጋዋን ያዝጋታል። ሥራ ስትጨርስ በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ አልብሳት። ላስቲክ አትሸፍንባት፣ እርጥበቱን ይይዘዋል። ማርሹን ከተካህ፣ ጠረጴዛውን ካቆምክና መቁረጫውን ከሳልክ በኋላ 20 ሚሜ የሆነ ለስላሳ ብረት በ400 ዙር፣ 1 ሚሜ ጠልቀህ ሞክር። አሁንም ከጮኸች የቀለበቶቹን ልኬትና የፍቅፋቂውን ፎቶ ላክልኝ።